የ13 ዓመት ልጅ «ኦፈር» ሲመጣለት ጉልበቱን ማን ይጠይቀው?



ሰሞኑን አሜሪካ የምትኖር አንዲት እናት በውስጥ መስመር እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ።

«ዶክተር፣ ልጄ 13 ዓመቱ ነው፣ 8ኛ ክፍል። ባስኬትቦል ይጫወታል። በአንድ ዓመት ውስጥ ከእኔም ከአባቱም በላይ ረዘመ። ጉልበቱን በጣም ያመዋል። ግን ቅዳሜ የኮሌጅ አሰልጣኝ ሊያየው ስለሚመጣ ለማንም እንዳትናገሪ ብሎኛል። እስከዚያ የሚይዘው ማስታገሻ ይንገሩኝ።»

ማንነቷን ሳልገልጽ ጥያቄዋን እዚህ እንዳነሳው ፈቅዳልኛለች። በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያላችሁ ብዙ ወላጆች ልጆቻችሁን ቅዳሜና እሁድ ከጂም ጂም እንደምታመላልሱ አውቃለሁ። እዚህ አገር ቤት ያላችሁም ልጃችሁ በእግር ኳስም ሆነ በሩጫ ጎበዝ ከሆነ ከታች ያለው የጤና ምክር ያገለግላችኋል።

ኮሌጅ የ13 ዓመት ልጅ ምን ያደርግለታል?

የአሜሪካ ትልልቅ ኮሌጆች የባስኬትቦል ቡድን እንደ ፕሮፌሽናል ክለብ ነው። ትኬት ይሸጣል፣ የቴሌቪዥን ገንዘብ ያስገባል። ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደግሞ ተጫዋቾቹ ራሳቸው በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቅዷል። ስለዚህ አሰልጣኞች ጎበዝ ልጅ ሌላው ሳያየው ቀድመው ለመያዝ ይሽቀዳደማሉ።

ምን ያህል ቀድመው? በ2007 ራያን ቦትራይት የተባለ ልጅ ገና ሃይስኩል ሳይጀምር ለሳውዝ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ እጫወታለሁ ብሎ ቃል ሰጠ። በ2008 ደግሞ የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲው አሰልጣኝ ቢሊ ጊሊስፒ ከአንድ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ቃል ተቀበለ።

መጨረሻውስ? ጊሊስፒ ዓመት ሳይሞላው በ2009 ተሰናበተ፤ ያ ልጅም ለኬንታኪ አንድ ጨዋታ እንኳ አልተጫወተም። የሳውዝ ካሊፎርኒያው አሰልጣኝም በዚያው ዓመት ሥራውን ለቀቀ። ቦትራይት በመጨረሻ የገባው ኮኔቲከት ነው፤ እዚያም በ2014 ሻምፒዮን ሆነ።

የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ኤንሲኤኤ በ2009 በወንዶች ባስኬትቦል «ተመልማይ» የሚባለውን ልጅ ከ9ኛ ወደ 7ኛ ክፍል አወረደው። ይህን ያደረገው አሰልጣኞች በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ልጆች የግል ካምፖች ላይ እየተገኙ ልጆቹን ቀድመው ይተዋወቁ ስለነበር ነው። ከ9ኛ ክፍል በታች ያለው ልጅ ደንቡ አይመለከተውም ነበርና እሱንም ደንብ ውስጥ ለማስገባት ነው። ያም ሆኖ ግን አንድ አካል የ12 ዓመት ልጅን «ተመልማይ» ብሎ ለመጥራት መገደዱ በራሱ ሽሚያው የት እንደደረሰ ያሳያል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚህ ዕድሜ የሚሰጥ «ኦፈር» የቃል ነው። ኮሌጁንም ልጁንም አያስርም። በጽሑፍ የሚፈረመው 12ኛ ክፍል ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ አሰልጣኙ ሊቀየር ይችላል፣ ሌላ የተሻለ ልጅ ሊመጣ ይችላል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የልጁ ሰውነት ይቀየራል። እኔን እንደ ሐኪም የሚመለከተኝም ይኸው የመጨረሻው ነው።

13 ዓመት ላይ የሚታየው ጉብዝና ነው ወይስ ዕድገት?

ወንዶች ልጆች በፍጥነት የሚመዘዙበት ጊዜ በአማካይ ከ13 እስከ 14 ዓመት ላይ ነው። ሴቶች ደግሞ ሁለት ዓመት ያህል ይቀድማሉ። ይህ ግን አማካይ ነው። አንዱ በ11 ዓመቱ ይጀምራል፣ ሌላው 15 እስኪሞላ ይቆያል። በዚህ የተነሳ አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሁለት የ13 ዓመት ልጆች በአጥንት ዕድሜ 3 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊለያዩ ይችላሉ። አንደኛው ፂም ጀምሯል፣ ሌላው ድምፁ ገና አልጎረነነም። ሁለቱን አንድ ሜዳ ላይ ስታዩ ቀድሞ ያደገው «ኮከብ» ይመስላል። ሌሎቹ ሲደርሱበት ግን ልዩነቱ ሊጠፋ ይችላል።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ኬንታኪ የ8ኛ ክፍሉን ልጅ በያዘበት በ2008 አንቶኒ ዴቪስ ቺካጎ ውስጥ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ያኔ ትልልቆቹ ኮሌጆች አያውቁትም። ሃይስኩል እያለ 20 ሴንቲሜትር ገደማ ረዘመ። በ2012 ያንኑ ኬንታኪን ሻምፒዮን አደረገ፣ በዚያው ዓመት በኤንቢኤ ምርጫ 1ኛ ሆኖ ተመረጠ። ማይክል ጆርዳንም 10ኛ ክፍል ላይ ቁመቱ 178 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ስለነበር ከትምህርት ቤቱ ዋና ቡድን ሳይገባ ቀርቷል።

ስለዚህ በ13 ዓመቱ ማንም ያላየው ልጅ ጊዜው አላለፈበትም። የታየው ልጅ ደግሞ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ምክንያቱም ረጅም ስለሆነ በእያንዳንዱ ጨዋታ ይሰለፋል፣ ከትልልቆቹም ጋር ይጫወታል።

ለምን ያመዋል?

አጥንት የሚረዝመው ጫፎቹ አካባቢ ባሉ ገና ያልጠነከሩ ክፍሎች ነው። ሐኪሞች ግሮውዝ ፕሌት እንላቸዋለን። ዕድገት ሲፋጠን አጥንቱ ይቀድማል፣ ጡንቻና ጅማት ወደኋላ ይቀራሉ፤ ስለዚህ ይወጠራሉ። ልጁ በዘለለና በቆመ ቁጥር የተወጠረው ጅማት ያንን ለስላሳ ቦታ ይጎትተዋል።

👉 ከጉልበት ሎሚ በታች፣ ቅልጥም መጀመሪያው ላይ የሚያም እብጠት ሲኖር ኦስጉድ ሽላተር ሊሆን ይችላል።
👉 ተረከዝ ላይ የሚያም ከሆነ ሲቨር የሚባለው ሊሆን ይችላል።
👉 ሲታጠፍ ወደኋላ የሚብስ የወገብ ሕመም የአከርካሪ አጥንት ስንጥቅ ምልክት ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በጊዜ ከተያዙ በእረፍት፣ በበረዶና በትክክለኛ ልምምድ ይሻላቸዋል። ችግሩ የሚከፋው ሕመሙ ተደብቆ ሲጫወቱበት ነው። ከጨዋታ በፊት ማስታገሻ መስጠት ሕመሙን እንጂ ጉዳቱን አያቆምም። እሳቱን ሳያጠፉ ጭሱን ማራገብ ነው።

ምን እናድርግ?

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እና ኤንቢኤ ከዩኤስኤ ባስኬትቦል ጋር ሆኖ በ2016 ያወጡት ምክር በአብዛኛው ይመሳሰላል። በአጭሩ፦

👉 በሳምንት ቢያንስ 1 ቀን ሙሉ እረፍት፣ 2 ቢሆን ይመረጣል።
👉 የሳምንቱ የተደራጀ ልምምድና ጨዋታ ሰዓት ከልጁ ዕድሜ አይብለጥ። 13 ዓመት ከሆነ ከ13 ሰዓት በላይ አይሁን። በአንድ ቅዳሜና እሁድ 4 እና 5 ጨዋታ ካለ እሱንም ቁጠሩ።
👉 በዓመት በድምሩ 3 ወር ከዚያ ስፖርት ይረፍ፣ በአንድ አንድ ወር እየተከፋፈለም ይሆናል። ብስክሌት፣ ዋና፣ ከጓደኛ ጋር ኳስ መጫወት ይቻላል።
👉 ቢያንስ እስከ 14 ዓመት ባስኬትቦል ብቻ አይሁን። የሕፃናት ሐኪሞቹ እንዲያውም እስከ 15 እና 16 ዓመት ቢቆይ ይላሉ።
👉 ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ። ስልኩ ከመኝታ ክፍል ይውጣ።
👉 ለሴቶች ልጆች፦ መጥቶ የነበረ የወር አበባ ከ3 ወር በላይ ከቀረ «ስፖርት ነው» ብላችሁ አትለፉት። ምግቧ ለእንቅስቃሴዋ አንሷት ሊሆን ይችላል፣ አጥንቷንም ይጎዳል።

ሳይዘገይ ሐኪም ጋ መሄድ ያለበት መቼ ነው?

👉 ሲያነክስ፣ መገጣጠሚያው ሲያብጥ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ሲኖር።
👉 ከሕመሙ ጋር ትኩሳት ካለ።
👉 ጉልበቴን እያለ ግን ዳሌው ሲንቀሳቀስ የሚያመው ከሆነ። በዚህ ዕድሜ የዳሌ አጥንት ራስ ሊንሸራተት ይችላል፤ ሕመሙ ጉልበት ላይ ስለሚሰማ ብዙ ጊዜ ይታለፋል። ይህ አስቸኳይ ነው፣ እግሩን ሳያስረግጡ ውሰዱት።
👉 እየተጫወተ ራሱን ከሳተ ወይም ደረቱን ካመመው። ልቡ ሳይመረመር ወደ ሜዳ አይመለስ።

በመጨረሻ

ወላጆች፣ እረዳችኋለሁ። ሁለት ሥራ እየሠሩ የአሜሪካ ኮሌጅ ክፍያ ሲታሰብ «ስኮላርሺፕ» የሚለው ቃል እንቅልፍ ይነሳል። ግን ሃይስኩል ከሚጫወቱ 100 ወንድ ልጆች ዲቪዥን 1 የሚደርሰው 1 ገደማ ነው። ጉልበቱ ግን ለ100ውም ዕድሜ ልክ ያስፈልጋል።

ለዚያች እናት «እህቴ፣ ማስታገሻ አልነግርሽም፣ ቅዳሜ ሳይሆን ነገ ሐኪም ጋ ውሰጂው» አልኳት። ወሰደችው። ኦስጉድ ሽላተር ነበር፣ ለጥቂት ሳምንታት ከመዝለል እንዲያርፍ ተነገረው። ቅዳሜ አሰልጣኙ መጥቶ ሌሎቹን ልጆች አይቶ ሄደ። «ሁለት ቀን አኮረፈኝ» ብላ ጻፈችልኝ። «በሦስተኛው ቀን ግን ‹እማዬ፣ ደረጃ ስወርድ አላመመኝም› አለኝ።»

ልጁ ገና 13 ዓመቱ ነው። ጎበዝ ከሆነ 16 ዓመቱም ላይ ጎበዝ ነው፣ አሰልጣኙ ያኔም ይመጣል።

ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ልጁ ስፖርት የሚሠራ ወዳጅ ካላችሁ ሼር አድርጉለት።