የሃሪኬን ነፋስ «130 ደረሰ» ሲባል፦ በማይል ነው ወይስ በኪሎ ሜትር?

አሜሪካ ውስጥ ዘመድ ያለን ሁሉ ከሰኔ እስከ ኅዳር ባሉት ወራት የሃሪኬን ወሬ በሰማን ቁጥር እንሰጋለን። ስልክ ስንደውል «ነፋሱ 130 ደርሷል አሉ» ይሉናል። እዚህ እስራኤል መኪናውም መንገዱም የሚለካው በኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ 130ን የምንሰማው እንደ ኪሎ ሜትር ነው። «በክቪሽ ሼሽ ከሚሮጥ መኪና ብዙም አይበልጥ» ብለን እንጽናናለን። አሜሪካኖች ግን የሚናገሩት በማይል ነው። 130 ማይል 209 ኪሎ ሜትር ነው። በ130 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ የጣሪያ ክዳን ያነሳል፣ በ209 ኪሎ ሜትር የሚነፍሰው ግን ጣሪያውን ራሱን ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን ከመስማታችን በፊት መለኪያውን ማወቅ አለብን።

የነፋስ ፍጥነት በአራት ዓይነት መለኪያ ይነገራል። ወደ ኪሎ ሜትር የሚለወጡትም እንዲህ ነው፦

ማይል በሰዓት፦ በ1.6 ይባዛል። በቃል ለማስላት ቁጥሩን ይውሰዱ፣ ግማሹን ይጨምሩ፣ አንድ አሥረኛውንም ይጨምሩ። 100 ማይል ማለት 100 ሲደመር 50 ሲደመር 10፣ ማለትም 160 ኪሎ ሜትር ነው።

ኖት፦ የመርከበኞችና የአውሮፕላን አብራሪዎች መለኪያ ነው። በ1.85 ይባዛል። 100 ኖት 185 ኪሎ ሜትር ነው።

ሜትር በሰከንድ፦ በ3.6 ይባዛል። በቀላሉ በአራት አባዝተው ከተገኘው ላይ አንድ አሥረኛውን ይቀንሱ። 50 ሜትር በሰከንድ ማለት 200 ሲቀነስ 20፣ ማለትም 180 ኪሎ ሜትር ነው።

አራተኛው እኛ የለመድነው ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው።

በዜና «ደረጃ ሦስት»፣ «ደረጃ አራት» ሲባል የምንሰማው መመደቢያ ሳፊር-ሲምፕሰን ይባላል። ስያሜው የተወሰደው ካወጡት ሁለት አሜሪካውያን፣ ከመሐንዲሱ ኸርበርት ሳፊርና ከአየር ጠባይ ባለሙያው ሮበርት ሲምፕሰን ስም ነው። በሰዓት በኪሎ ሜትር ሲነገር ደረጃዎቹ የሚከተሉት ናቸው፦

ደረጃ 1፦ ከ119 እስከ 153
ደረጃ 2፦ ከ154 እስከ 177
ደረጃ 3፦ ከ178 እስከ 208
ደረጃ 4፦ ከ209 እስከ 251
ደረጃ 5፦ 252 እና ከዚያ በላይ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ እጥፍ ብቻ አይሆንም። በ240 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ግድግዳን የሚገፋበት ኃይል በ120 ከሚነፍሰው አራት እጥፍ ነው። በቁጥር ትንሽ የሚመስል ጭማሪ በቤት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ብዙ የሆነው ለዚህ ነው።

ሌላው ጥያቄ «ነፋሱ ለምን ያህል ጊዜ ተለካ?» የሚል ነው። ነፋስ አንዴ በርታ፣ አንዴ ቀነስ ስለሚል ባለሙያዎች አማካዩን ይወስዳሉ። ማያሚ የሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የሃሪኬን ማዕከል የአንድ ደቂቃ አማካይ ሲጠቀም፣ ጃፓንና ሌሎች ብዙ አገሮች ግን የአሥር ደቂቃ ይጠቀማሉ። በአሥር ደቂቃ ሲለካ ቁጥሩ ዝቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2013 ፊሊፒንስን ለመታው ሃይያን ለተባለው አውሎ ነፋስ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ባለሙያዎች የገመቱት 315 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ጃፓኖች የገመቱት 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ልዩነቱ በከፊል ከደቂቃው፣ በከፊል ደግሞ ከግምት አሠራራቸው የመጣ ነው። አውሎ ነፋሱ ግን አንድ ነው፤ ከ6,000 በላይ ሰዎችም ሞተውበታል።

ከዚህ ሌላ ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ የሚመጣ ድንገተኛ የነፋስ ምት አለ። እርሱ ከአማካዩ ይበልጣል፣ በዜናም ለብቻው ይነገራል። ዋናው ቁጥር የሚሰላው ደግሞ ከመሬት 10 ሜትር ከፍታ ላይ ላለው ነፋስ ነው። ከፍ ባለ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው የሚደርስበት ነፋስ ከዚያ የበረታ ነው።

በመጨረሻም የነፋሱ ቁጥር ሁሉንም አይነግረንም። ካትሪና እ.ኤ.አ. ነሐሴ 28 ቀን 2005 ባሕር ላይ ሳለች 280 ኪሎ ሜትር ያህል ደርሳ ነበር። በማግስቱ ሉዊዚያና ስትገባ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ማለትም ወደ ደረጃ 3 ወርዳ ነበር። ሆኖም ወደ የብስ የገፋችው ውሃ የኒው ኦርሊንስን መከላከያ ግድቦች አፈረሰ፣ ከከተማይቱም አብዛኛው በውሃ ተጥለቀለቀ። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ሄሊን ፍሎሪዳ የገባችው በ225 ኪሎ ሜትር ነበር። ብዙ ሰው የሞተው ግን ከባሕር ርቀው በሚገኙት በሰሜን ካሮላይና ተራሮች ነው። እዚያ ስትደርስ ነፋሷ ከሃሪኬን ደረጃ ወርዶ ነበር፤ የገደለው ጎርፍና የመሬት መንሸራተት ነው።

እንግዲህ ወደ ዘመድ ስንደውል «ቁጥሩ ስንት ነው?» ብለን ብቻ አንተው። «በማይል ነው በኪሎ ሜትር? ዋናው ነፋስ ነው ወይስ ድንገተኛው ምት? ውሃው እናንተ ጋ ይደርሳል ወይ? ከቤት ውጡ ተብላችኋል?» ብለን እንጠይቅ። ውጡ ከተባሉ «ደረጃው እኮ ዝቅ ብሏል» ብለው እንዳይቀመጡ እንምከራቸው። ምክራችን የሚጠቅመው ደግሞ ነፋሱ ከመድረሱ በፊት፣ መንገዱም ክፍት ሳለ ነው።

ቸር ወሬ ያሰማን።