የሦስት ኪሎ እህል ዋጋ

በ1965 እና 1966 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ ሲያልቅ የደሴ ገበያ ከእህል ባዶ አልነበረም። ዋጋውም የእልቂቱን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ እህል ተጭኖ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይሄድ ነበር። ይህን እንቆቅልሽ የፈታው ሕንዳዊው ምሁር አማርትያ ሴን ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳሳየው፣ የወሎ ገበሬ ማሳው ሲደርቅበት ምግቡን ብቻ ሳይሆን ገቢውንም አብሮ አጣ። ጎረቤቱም ከብቱን ለገበያ ስላወጣ የበሬ ዋጋ ወደቀ። ገንዘብ የሌለው ሰው ደግሞ ምንም ቢርበው ነጋዴ እህል ጭኖ አይመጣለትም።

ስለዚህ የአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ የተሰበረውን የመግዛት አቅም መጠገን አለበት። እህል ማከፋፈል አንዱ መንገድ ነው፤ ብር መስጠት ሌላው። ብር ከጅቡቲ ወደብ በከባድ መኪና መጓጓዝ አያሻውም፣ የአካባቢውን ነጋዴም ያንቀሳቅሳል። በመኸር ወቅት ዘግይቶ የሚደርስ የእርዳታ ስንዴ ግን ምርት የቀናውን ገበሬ ዋጋ ይሰብርበታል።

ይህን ብዬ ብር ሁልጊዜ ይሻላል ማለቴ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው፣ የምግብ እጥረት ያለባቸውን ቤተሰቦች የሚደግፈው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ለአንድ የሥራ ቀን 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ይከፍል ነበር፤ ያኔ ሁለቱ ይቀራረቡ ነበር። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲያሻቅብ ክፍያው 8 ብር ቢደረግም የገበያውን ዋጋ አልደረሰበትም። ሦስቱ ኪሎ ግን ያው ሦስት ኪሎ ነው። ብር ይቀበሉ ከነበሩት ብዙዎቹ «እህል ይሰጠን» ያሉት ያኔ ነው። ይህን የጥገኝነት ምልክት አድርገው የሚያነሱ አሉ፤ እኔ አልስማማም። እህል የጠየቁት የዋጋ ንረቱን ሸክም ማን እንደሚሸከም ከማንም ቀድመው ያሰሉ ሰዎች ናቸው።

የብር ክፍያ ከወረዳው ገበያ የእህል ዋጋ ጋር ታስሮ በየወሩ ሊከለስ ይገባል። መንገድ ከተዘጋና ነጋዴ መግባት ካልቻለ ያለ ክርክር እህል ይሂድ። ከመጠኑ እኩል የሚያሳስበኝ የክፍያው ቀን ነው። በጥር መከፈል የነበረበት ብር ሰኔ ላይ ሲደርስ የቤት ጎተራ ተሟጧል፣ የእህል ዋጋም ወጥቷል። ቤተሰቡ ያን ጊዜ ከአራጣ አበዳሪ ተበድሯል፤ ያልተበደረውም ክረምቱን የሚያርስበትን በሬ ሸጧል።