ያውቁ ኖሯል? ቴክሳስ የሚሠራ፣ ቴክሳስ የማይሸጥ መኪና

የኤሌክትሪክ መኪና አምራቹ ቴስላ በቴክሳስ፣ ኦስቲን አጠገብ ግዙፍ ፋብሪካውን ያስመረቀው በ2022 (እ.ኤ.አ.) ነው። የግዛቲቱ ሕግ ግን አምራቹ በነጋዴ በኩል ካልሆነ ራሱ ለገዢ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ስለዚህ የፋብሪካው ጎረቤት እንኳ መኪናውን የሚያዘው በኢንተርኔት ነው፤ ሽያጩም በወረቀት ላይ ከሌላ ግዛት እንደተፈጸመ ይቆጠራል። በማሳያ ክፍሉ በሩን ከፍተው ወንበሩ ላይ መቀመጥ ይችላሉ፤ «ስንት ነው?» ካሉ ግን ሠራተኛው ዋጋ መጥራት አይፈቀድለትም!

ኩባንያው ከነጋዴ የሸሸው ያለ ምክንያት አይደለም። የአሜሪካ መኪና ሻጭ ደህና ትርፍ የሚያገኘው ከጥገናና ከመለዋወጫ ነው፤ የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ የሞተር ዘይት አይቀየርለት፣ ካንዴላ የለው። አንዳንዱ ችግር መኪናው ደጅ ላይ እንደቆመ በሶፍትዌር እድሳት ይስተካከላል፤ ለቀላል ጥገናም ባለሙያው ዕቃውን ጭኖ ቤት ድረስ ይመጣል።

ቻርጅ ማድረጊያስ? ቴስላ ከ2012 ጀምሮ የራሱን ጣቢያዎች በየአውራ ጎዳናው ዘረጋ። አሜሪካ ውስጥ ለዓመታት ለራሱ ደንበኞች ብቻ ቆይተው፣ ፎርድ በ2023 ተስማምቶ በማግስቱ ዓመት የእሱም መኪኖች መሰካት ጀመሩ።