በአቦል የታሸ ቸኮሌት፦ ዕዳ የማይሆን የፍቅር ስጦታ

የካቲት ሲገባ የአዲስ አበባ ሱፐርማርኬቶች ቀይ በቀይ ይሆናሉ። ቀይ ፊኛ፣ ቀይ ጽጌረዳ፣ በልብ ቅርጽ የተሠራ የቸኮሌት ካርቶን። እርስዎም ካርቶኑን አንስተው፣ ዋጋውን አይተው፣ ማንም ሳያይዎት ቀስ ብለው መልሰው አስቀምጠው ከሆነ ብቻዎን አይደሉም። እኔም አስቀምጬ ወጥቻለሁ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። ባለቤቴ ሥራ ካቆመ አራተኛ ወሩን ይዟል። የቤት ኪራዩም አስቤዛውም የሚሸፈነው በእኔ ደመወዝ ነበር። የፍቅረኞች ቀን ሳምንት ሲቀረው፣ እራት እየበላን ሳለ፣ "ዘንድሮ ምንም እንዳትገዢልኝ" አለኝ። መጀመሪያ ለገንዘቡ ያሰበ መሰለኝ። የገባኝ ቆይቶ ነው፤ የከበደው የእኔ ወጪ ሳይሆን እሱ መልስ መስጠት አለመቻሉ ነበር። ኪሱ ለጎደለ ሰው ውድ ስጦታ ዕዳ ይሆንበታል። ቀኑን እንደማንኛውም ቀን ማሳለፍ ደግሞ ጭንቀቱ ፍቅራችንንም እንደወሰደው ማመን መሰለኝ።

ሙያዬ ማርኬቲንግ ነው። ያንን ካርቶን ስናነሳ የምንከፍለው ለቸኮሌቱ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለማሸጊያው፣ ለሪባኑ፣ ለማጓጓዣው፣ ለቀረጡና ለማስታወቂያውም ጭምር ነው። የልብ ቅርጽ ያለውን ካርቶን ያስለመደንም ነጋዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ እንግሊዛዊው የቸኮሌት አምራች ሪቻርድ ካድበሪ ቸኮሌቱን ባማሩ ካርቶኖች እያሸገ ለፍቅረኞች ቀን አቀረበ፤ ቸኮሌቱ ሲያልቅም ካርቶኑ የደብዳቤና የማስታወሻ ማስቀመጫ ሆነ። እንደ ሙያ ባልደረባ አደንቀዋለሁ። እንደ ደመወዝተኛ ግን ካርቶኑን ትቼ ውስጡን ብቻ ቤቴ ልሠራ ወሰንኩ።

ሁለት ባለ 100 ግራም ጥቁር ቸኮሌት ገዛሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ባለቤቴ ወጣ ሲል ቡና ጥጄ፣ በጎን ቸኮሌቱን በእንፋሎት ማቅለጥ ጀመርኩ። መጀመሪያ ያብረቀርቅ ነበር። በደንብ ያልደረቀ ማንኪያ ስከትበት ግን ባንዴ ጓጎለ። ባማስለው ጊዜ ባሰበት፤ እንደ በሶ ደረቀ። ባለቤቴ በሩን ከፍቶ ሲገባ ያገኘኝ ድስቱ ላይ ቆሜ ሳለቅስ ነው።

ኬክ ቤት ለሚሠራው ለጎረቤታችን ልጅ ደወልኩ። "እህቴ፣ እንዳትደፊው" አለኝ። "ጠብታ ውሃ ያጓጉለዋል፤ በርከት ያለ ትኩስ ነገር ግን ይመልሰዋል። ሙቅ ውሃ ወይም ቡና ጨምሪበት።" ባለቤቴ ምንም ሳይጠይቅ ጀበናውን አነሳ። እሱ በማንኪያ እየለካ ያፈስሳል፣ እኔ አማስላለሁ። አምስተኛው ማንኪያ ላይ ቸኮሌቱ ተመልሶ እንደ ሐር ለሰለሰ።

ሲቀዘቅዝ አብረን እያንከባለልን ኳስ ሠራነው። እጃችን ካካዎ እንደነካ፣ ለሳምንታት ሲሸሸው የነበረውን ወሬ ራሱ ጀመረው፤ የት የት እንዳመለከተ፣ የትኞቹ መልስ እንኳ እንዳልሰጡት። ያን ቀን ስጦታ ሰጠሁት ማለት አልችልም፤ አብረን ሠራነው። ያወጣሁት ገንዘብ ደግሞ የካርቶኑን ዋጋ ሩብ አይሞላም።

እርስዎም እንዲሞክሩት ሁለት አሠራሮችን እነሆ።

የቡና ቸኮሌት ኳስ (25 ገደማ ይወጣዋል)

የሚያስፈልግዎት፦ 200 ግራም ጥቁር ቸኮሌት፣ 5 የሾርባ ማንኪያ ትኩስ አቦል ቡና፣ 3 የሾርባ ማንኪያ የካካዎ ዱቄት፣ እንደ ፍላጎትዎ የተፈጨ ለውዝ ወይም የተቆላ ሰሊጥ።

ቸኮሌቱን በቢላዋ አድቅቀው በጎድጓዳ ሳህን ያስቀምጡ። በትንሽ ድስት ጥቂት ውሃ አፍልተው እሳቱን ይቀንሱና ሳህኑን ከላይ ይደፍኑበት፤ የሳህኑ ሥር ውሃውን መንካት የለበትም። ቸኮሌቱ አብዛኛው ሲቀልጥ ከእሳት ያውርዱት፤ የቀረው በራሱ ሙቀት ይቀልጣል። ቸኮሌት ቶሎ ስለሚያር አይቸኩሉ።

ቡናው አተላው ዘቅጦ የጠለለ ይሁን። አምስቱንም ማንኪያ በአንድ ጊዜ ጨምረው ከመሃል ጀምረው በቀስታ ያማስሉ። መጀመሪያ የተበላሸ ቢመስልም ማማሰልዎን ይቀጥሉ፤ ይስተካከላል። ከዚያ ሸፍነው ለ2 ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ያቆዩት።

በሻይ ማንኪያ እየቆነጠሩ በመዳፍዎ ያድበልብሉ። የካካዎ ቅባት የሚቀልጠው ከሰውነታችን ሙቀት ትንሽ ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሆነ እጅዎ ላይ መቅለጡ አይቀርም። እጅዎን በቀዝቃዛ ውሃ ታጥበው፣ በደንብ አድርቀው፣ ካካዎ ይንኩና ይቀጥሉ። ኳሶቹን በካካዎ፣ በለውዝ ወይም በሰሊጥ ላይ ያንከባልሏቸው። ፍሪጅ ውስጥ ለአራት ቀን ያህል ይቆያሉ።

ቸኮሌት የለበሰ ቆሎ

የሚያስፈልግዎት፦ 100 ግራም ቸኮሌት፣ 1 ስኒ ደረቅ የገብስ ቆሎ ወይም የተቆላ ለውዝ።

ቸኮሌቱን ከላይ እንዳየነው ያቅልጡ። እዚህ ግን ቡና የለም፤ አንድ ጠብታ ውሃም እንዳይገባ። ቆሎውን ጨምረው ሁሉም እስኪለብስ ያማስሉና በማንኪያ እየቆነጠሩ በማይጣበቅ የመጋገሪያ ወረቀት ላይ ያስቀምጡ። 1 ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ሲቆይ ይጠነክራል። ቆሎው ሲቆረጠም የሚሰጠውን ድምፅ ከየትኛውም የውጭ ካርቶን አያገኙትም።

ሲገዙ ማሸጊያውን ያንብቡ

በማሸጊያው ጀርባ የተዘረዘሩት ነገሮች የሚጻፉት ብዛታቸውን ተከትለው ነው። መጀመሪያ የተጻፈው ስኳር ከሆነ የሚገዙት ከሁሉ በላይ ስኳር ነው። በካካዎ ቅባት ፋንታ የፓልም ወይም ሌላ የአትክልት ቅባት ከተጻፈበት ዋጋው ረከስ ይላል። እሱ ለቆሎው በቂ ነው፤ ለቡናው ኳስ ግን የካካዎ ቅባት ያለውን ይምረጡ።

ዕለቱ የካቲት 7 ገደማ ስለሚውል ከነነዌ ጾም ወይም ከዐቢይ ጾም ጋር የሚገጥምበት ዓመት አለ። የምትሰጡት ሰው የሚጾም ከሆነ ወተት የሌለው ጥቁር ቸኮሌት ይፈልጉ። የቡናው ኳስ ክሬምም ቅቤም ስለሌለው ለጾም ይሆናል። ለውዝ የማይስማማው ሰው ካለ ደግሞ አስቀድመው ይጠይቁ።

ቤት የቆየ ቸኮሌት ላይ ነጭ ነገር ካዩም አይጣሉት። ብዙ ጊዜ ሙቀት ነክቶት ቅባቱ ወደ ላይ ወጥቶ ነው። ሲቀልጥ ይጠፋል።

ለማሸጊያው አያውጡ

ባዶ የሻይ ቆርቆሮ ወይም እናትዎ የሰጡዎት ትንሽ ሙዳይ ይበቃል። ውስጡን በመጋገሪያ ወረቀት ይሸፍኑ፣ ኳሶቹን ይደርድሩ፣ ከላይ በእጅ ጽሑፍዎ ሁለት መስመር ያኑሩ። ባለሙያ ምክር ከፈለጉ፣ ሰው ቸኮሌቱን በልቶ ሲጨርስ የሚያስቀረው ያችን ወረቀት ነው። ባለቤቴ የእኔን እስከ ዛሬ ቦርሳው ውስጥ ይዟታል።

ከቻሉ ደግሞ ሁሉንም ብቻዎን አይጨርሱት። ማድበልበሉን ለሁለት ይተዉት። "ምን ልስጥሽ?" ብሎ ለሚጨነቅ ሰው እጁን የሚያስገባበት ሥራ መስጠት አንዳንዴ ከስጦታው ይበልጣል።

ዛሬ ባለቤቴ ሥራ ይዟል፤ ካርቶኑን ለመግዛትም አቅሙ አለን። ግን የካቲት ሲመጣ ቸኮሌቱን እኔ እገዛለሁ፣ ቡናውን እሱ ያፈላል። ማንኪያውን ግን አሁንም ሁለቴ እጠርገዋለሁ።