የድኆች ታናናሽ እኅቶች ቤት

በፈረንሳይ አገር በሴን ሰርቫን ከተማ ዣን ዡጋን የምትባል የሰው ቤት አገልጋይ ነበረች። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1839 ዓ.ም. በብርድ ወራት አንዲት ዓይነ ስውር አሮጊት ረዳት ማጣቷን አይታ፥ ወደ ቤቷ አስገብታ በገዛ አልጋዋ አስተኛቻት። ከዚህም በጎ ሥራ የድኆች ታናናሽ እኅቶች የተባለው የካቶሊክ ደናግል ማኅበር ተወለደ።

ከገቡት አሮጊቶች ቀድሞ በየደጁ የሚለምኑ ስለ ነበሩ፥ ዣን እነርሱን በቤት አሳርፋ፥ ራሷ ቅርጫት አንጠልጥላ በእነርሱ ፈንታ ትለምን ጀመረች። በ1843 ዓ.ም. አለቅነቷ ተወስዶ ለሌላ ቢሰጥም ልመናዋን አልተወችም፤ በ1879 ዓ.ም. አረፈች። ማኅበሩ ዛሬም በብዙ አገር ሽማግሎችን ይጦራል።

እንግዲህ ለአረጋዊ እንጀራ መስጠት መልካም ነው፤ የልመናውን ኀፍረት ስለ እርሱ መሸከም ግን ከዚያ ይበልጣል።