ደሴ የምትነሳ፣ ደጋን የምታስቸግር

በደሴ ናፍጣ መኪና ጠዋት አልነሳም ሲል መጀመሪያ የሚታማው የጦሳ ተራራ ብርድ ነው። ይህች ትንሽ የጭነት መኪና ግን ነገሩን ገለበጠችው። ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ደሴ ስታድር ቁልፍ እንደነኳት ትነሳለች፤ ከደሴ ይልቅ በሚሞቀው የደጋን ከተማ ስታድር ግን አሻፈረኝ ትላለች።

ሾፌሩ እሑድ ከደሴ እህል ጭኖ፣ ኮምቦልቻን አልፎ ደጋን ያድራል፤ የባቲ ገበያ ሰኞ ነውና በማለዳ ይነሳል። የማስነሻው ሞተሪኖ ግን ያለ ፋታ ይዞራል እንጂ ሞተሩ አይነሳም። ባትሪው ሊሞት ሲል ድንገት ይይዝና ቀኑን ሙሉ ያለ እንከን ይሠራል። ባትሪ ተቀየረ፤ ሞተሪኖ ተፈታ፤ በብርድ ሞተሩን የሚያሞቁት ካንዴሌታዎችም አዲስ ተገዙ። የሰኞው ጣጣ አልቀረም።

በመጨረሻ አንድ የኮምቦልቻ መካኒክ ኮፈን ሳይከፍት ጠየቀ፦ «ስታስነሳ ጭስ አለው?»

«ወላሂ ጋሼ፣ ቅንጣት ጭስ የለውም።»

ምርመራው በዚች መልስ አቅጣጫ ቀየረ። ናፍጣ ሞተር የእሳት ፍንጣሪ አይፈልግም፤ ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 አውግስበርግ ላይ እንዳሳየው፣ አየሩ ሲታመቅ ይግላል፣ ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሲያልፍ የተረጨውን ናፍጣ ያቀጣጥለዋል። ብርድ ካሸነፈው ናፍጣው ሳይነድ ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ጭስ ጨርሶ ከሌለ ግን ናፍጣው ራሱ አልደረሰም። ስለዚህ ካንዴሌታው በሐሰት ተከሷል።

«ደሴ እንዴት ነው የምታቆማት? ደጋንስ?»

ደሴ ግቢው ቁልቁል ስለሆነ አፍንጫዋ ወደ ታች ነው። ደጋን ግን ሽቅብ ትቆማለች፤ እሑድ ማታ ደግሞ የናፍጣ ማጠራቀሚያው ሰልባትዮ ተጋምሷል። ሽቅብ ስትቆም ሰልባትዮው ከሞተሩ ዝቅ ይላል። መስመሩ የትም ቦታ አየር የሚያስገባ ከሆነ ናፍጣው ሌሊቱን ወደ ሰልባትዮው ይመለሳል፤ ጠዋት ፓምፑ የሚስበው ባዶ ቱቦ ነው።

«እንዴ፣ ከሥሯ ጠብታ አይቼ አላውቅም!» አለ ሾፌሩ። እውነቱን ነው፤ ሁሉንም ያታለለውም ይኸው ነበር። ከሰልባትዮው እስከ ፓምፑ ያለው መስመር በመምጠጥ ስለሚሠራ፣ የተሰነጠቀ እንደሆነ አየር ያስገባል እንጂ ናፍጣ አያፈስም።

መካኒኩ ነገሩን ገለበጠው። ቱቦውን ከሰልባትዮው ነቅሎ፣ ካቢናው ላይ ከፍ አድርጎ ካስቀመጠው ጀሪካን ጋር አገናኘው፤ አሁን ናፍጣው በራሱ ክብደት መስመሩን ወደ ውጭ ይገፋል። ጥቂት ቆይቶ ወደ ፊልትሮው በሚሄደው ጎማ ቱቦ ላይ፣ ልክ ከማሰሪያው ሥር፣ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ናፍጣ ታንጠባጥብ ጀመር። በጣት ሲዳስሷት እንኳ አትታወቅም ነበር።

ቁራጭ ቱቦ፣ ሁለት ማሰሪያ፤ ከዚያ በእጅ ፓምፑ አየሩን ማስወጣት። ሥራው ይኸው ነበር፤ ዋጋውን ከባትሪውና ከሞተሪኖው ጋር ያወዳደረ ይስቃል።

ሾፌሩ ማመን አልፈለገም፤ አልፈርድበትም። በሚቀጥለው እሑድ ሆን ብሎ ደጋን ላይ ሽቅብ አቆማት፤ ናፍጣም አልሞላም። ሰኞ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች። በግዴለሽነት የተጣሉት አሮጌ ካንዴሌታዎች ሲለኩም ሁሉም ደህና ነበሩ፤ ሾፌሩ አጥቦ ከመቀመጫው ሥር አስቀምጧቸዋል።