ኮምፒዩተሩ አንድ፣ ፕሮግራሙ አንድ፤ ፍጥነቱ ለምን ሁለት ሆነ?

ከዕጩ መምህራን ዘንድ ደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ። አንድ ፕሮግራም በሊኑክስ ሲሠራ ቶሎ ያልቃል፤ በዚያው ኮምፒዩተር ላይ በዊንዶውስ ሲሠራ ግን ሻይ ጠጥተው እስኪመለሱ ይቆያል። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

የፕሮግራምን ሥራ ከሁለት እንክፈለው። አንደኛው ስሌት ነው። መደመር፣ ማባዛትና ማወዳደር የፕሮሰሰሩ ድርሻ ስለሆነ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብዛም አይገባበትም። ስለዚህ በሁለቱም ላይ ፍጥነቱ ተቀራራቢ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ማቅረብ ነው። ፋይል ለመክፈት፣ ሌላ ፕሮግራም ለማስነሣት ወይም ጥቂት ለመጠበቅ ፕሮግራሙ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ማስፈቀድ አለበት። ነገሩ የሚጓተተው እዚህ ላይ ነው።

እስቲ ሠፈራችንን እንመልከት። ወደ ቃሊቲ ጉምሩክ የመጣ ዕቃ በአንድ ሰነድ ቢቀርብ ቶሎ ያልፋል። ያው ዕቃ ሺህ ቦታ ተቋጥሮ ለየቋጠሮው ሰነድ ቢጠየቅለት ግን ቀኑ ይመሻል። የከባድ መኪናው ሞተር አልደከመም፤ ጊዜውን የበላው በሩ ላይ ያለው ፍተሻ ነው።

ፋይልም እንዲሁ ነው። በዊንዶውስ አንድ ፋይል በተከፈተ ቁጥር ጸረ ቫይረሱን የመሳሰሉ ፈታሾች ያዩታል። አንድ ትልቅ ፋይል ብዙም አይቸገርም፤ 10,000 ትንንሽ ፋይሎች ግን 10,000 ፍተሻ ይጠብቃቸዋል። አዲስ ፕሮግራም ማስነሣትም በዊንዶውስ ከሊኑክስ ይልቅ ጊዜ ይፈጃል። በ1997 ዓ.ም. ለሊኑክስ ሥራ የተፈጠረው፣ የፕሮግራም ጽሑፍ ለውጦችን የሚመዘግበው ጊት በዊንዶውስ ላይ ይንቀረፈፍ የነበረው ትንንሽ ፕሮግራሞችን እየደጋገመ ያስነሣ ስለነበር ነው። ቆይቶ አብዛኛው ክፍሉ በሲ ቋንቋ ተጠቃልሎ ሲጻፍ ፍጥነቱ ተሻሻለ።

መጠበቅም የራሱ ጣጣ አለው። ዊንዶውስ፣ ፕሮግራሙ ለይቶ ካልጠየቀው በቀር፣ ሰዓቱን የሚያየው በሴኮንድ 64 ጊዜ፣ ይኸውም በየ15.6 ሚሊሴኮንዱ ነው። «1 ሚሊሴኮንድ ጠብቅ» የሚል ትእዛዝ 1,000 ጊዜ ቢደጋገም በሊኑክስ ከ1 ሴኮንድ ጥቂት አልፎ ያበቃል፤ በዊንዶውስ ግን ወደ 15 ሴኮንድ ይደርሳል።

ይህ ማለት ግን ዊንዶውስ ሁልጊዜ ይዘገያል ማለት አይደለም። የስክሪኑን ካርድ የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም በዊንዶውስ የተሻለ ሆኖ ሲገኝ ሥዕል የሚበዛበት ሥራ በዚያ ይፈጥናል።

እንግዲህ ከመፍረድ በፊት እንለካ። ሦስት አጫጭር ፕሮግራሞች እንጻፍ፤ አንዱ ብቻውን ይቁጠር፣ ሁለተኛው 10,000 ትንንሽ ፋይሎች ይፍጠር፣ ሦስተኛው 1,000 ጊዜ ይጠብቅ። በሁለቱም ላይ አሠርተን ሰዓቱን እንመዝግብ። ቆጠራው እኩል ሆኖ ሌላው ከተለያየ ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ አይደለም። መድኃኒቱም ትንንሽ ፋይሎችን ማጠቃለልና አላስፈላጊ ጥያቄን መቀነስ ነው።

ጉዳዩ ቀላል እንዳይመስለን። ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤት ለአንድ ኮምፒዩተር ብዙ ተማሪ ሊሰለፍ ይችላል። «አርጅቷል» ተብሎ ሳይለካ ግምጃ ቤት የገባ ደኅና ኮምፒዩተር የተማሪ ተራ ያስቀራል። ለተማሪዎቻችንም ልናወርሳቸው የሚገባው ይኸው ልማድ ነው፤ መጀመሪያ መለካት፣ ከዚያ መናገር።